ድንብላል የሚመስለውን የግቢ አረም በፍሬው ለዩት

ክረምት ሲገባ በባሕር ዳር ግቢዎች ሰርዶው መሃል ቀስ ብሎ የሚዘረጋ አረም አለ። ቅጠሉ የተሸነሸነ ነው። ግንዱ ወደ ቀይ ያደላል፤ ሲነኩት ለስለስ ይላል። ከሩቅ ያየው ሰው ድንብላል ነው ይላል። በረንዳው ላይ አበባ የሚያሳድግ ሰው ደግሞ ጀራኒየም ነው ይላል። ሁለተኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል። ተክሉ የዱር ጀራኒየም ነው። በረንዳ ላይ በጣሳና በማሰሮ የምናሳድገው ግን ዘመዱ እንጂ ራሱ አይደለም።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ሳር አለኝ። ጓሮው ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ድንብላል እዘራለሁ። ይህ አረም ከሳሩም ከመደቡም ስለማይጠፋ ሳየው፣ ስነቅለውና ስከታተለው ኖሬያለሁ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው ቅጠሉን በስልክ ፎቶ አንስቶ «ይኼ ምንድነው?» ይለኛል። ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው። ቅጠሉን ተዉትና ፍሬውን አሳዩኝ።

እዚህ ከተማ አረም ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስበው እምቦጭን ነው። እውነትም ነው፤ እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። የዱር ጀራኒየም የዚያ ዓይነት ጠላት አይደለም። ሐይቅ አይሸፍንም፣ ዓሣ አያሳጣም። ግን በግቢ ደረጃ ሳር ያሳሳል፤ የአትክልት መደብ ላይ ችግኙን ከልሎ ብርሃን ይከለክላል። ማንነቱን በጊዜ ያወቀ ሰው በእጁ ይገላገለዋል። ያላወቀ ደግሞ ገንዘቡን የአረም መርጫ መድኃኒት ላይ ያፈሳል።

እስቲ ከቡቃያው እንጀምር። ከመሬት ብቅ ሲል መጀመሪያ የሚወጡት ሁለቱ ቅጠሎች ሰፋ ብለው የኩላሊት ቅርጽ አላቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ቅጠል ነው የተሸነሸነው። የቅጠሉ ዙሪያ ክብ ነው። ከመሃል ተነስቶ ወደ አምስት፣ አንዳንዴ ወደ ሰባት ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ጫፉ ላይ እንደገና ይቆራረጣል። የቅጠሉ ዘንግ ረጅም ነው። ወጣት ሳለ ቅጠሎቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ ተነስተው መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይተኛሉ። የሳር ማጨጃ አልፎት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ምላጩ ከሱ በላይ ነው የሚያልፈው።

ትንሽ ሲያድግ ግንዶቹ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ፊት ለፊት እየተያዩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። መጋጠሚያው እብጥ ይላል። እዚያች እብጠት ላይ፣ ከቅጠሉ ዘንግ ግርጌ፣ ትንንሽ ሹል ቅጠል መሰል ነገሮች ታያላችሁ። ግንዱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ብታዩት ጸጉር አለው። ፀሐይ የሚመታውና ውኃ የሚያጥረው ቦታ ላይ ያለው ቅጠል ዳር ዳሩን ይቀላል። ጥላ ስር ያለው ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትመኑ።

አሁን ወደሚምታቱት እንሂድ። ዋናው ድንብላል ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ወደ ጓሮ ዘልቀው ቃሪያው መሃል ያለውን እያዩ፣ «ልጄ፣ ድንብላልሽ ደርሷል፤ ለዳጣ የምትሆን ትንሽ ልቁረጥ?» አሉኝ።

«እማማ፣ እስቲ መጀመሪያ ጨምቀው ያሽቱት» አልኳቸው።

በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ኧረ ምንም የለውም! ሣር ሣር ነው የሚለው።»

ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ድንብላል ቅጠሉን ገና ስትነኩት ሽታው ይመጣል። ይህ አረም ምንም የረባ ሽታ የለውም። ቡቃያ ላይ ሆኖ ማሽተት ካልሆነላችሁ ሌላ ምልክት አለ። የድንብላል የመጀመሪያ ሁለት ቅጠሎች ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ ናቸው፤ የጀራኒየም ሰፊና ኩላሊት መሰል ናቸው። ድንብላል ጸጉር የለውም፤ ልሙጥ ነው። ድንብላል መደብ የሚያርም ሰው ካላችሁ እነዚህን አሳዩት። ልጆች በቅንነት ድንብላሉን ነቅለው አረሙን ሲተዉ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ልት ነው። የልት ቅጠልም ክብ ነው፤ ግን ዳሩ ላይ ለስላሳ ጎድጎድ አለው እንጂ እስከ መሃል አይሰነጠቅም። ፍሬውም ጠፍጣፋ ክብ ሆኖ ቅጠሉ ስር ይቀመጣል፤ ሹል ነገር የለውም።

ሦስተኛውን በተለይ ወደ ሐይቁ ቀረብ ያላችሁ ሰዎች ልብ በሉልኝ። ርጥበት የማይለየው ቦታ ላይ፣ ቦይ ዳር፣ ቅጠሉ ተመሳሳይ ሽንሽን የሆነ፣ አበባው ግን የሚያብለጨልጭ ቢጫ የሆነ ተክል አለ። ሳይንሱ ራናንኩለስ ይለዋል። እሱ ጀራኒየም አይደለም። ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል፣ ያሳብጣልም። በባዶ እጅ ጨብጣችሁ አትንቀሉት፤ ልጆችም እንዳይጫወቱበት። አበባ ሳይኖረው መለየት ከተቸገራችሁ ጓንት አድርጋችሁ ሥሩን ንቀሉና እዩት። ራናንኩለስ ሥሩ ብዙ ዘለላ ነው። የዱር ጀራኒየም ቡቃያ ግን አንድ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዋና ሥር አለው።

ሦስት ልብ መሰል ቅጠል አንድ ላይ የያዘው፣ ጎምዛዛ ጣዕም ያለው ትንሽ አረም ደግሞ ኦክሳሊስ ነው። እሱ በቅጠሉ ብቻ ይለያልና ብዙ አያስቸግርም።

አበባው ላይ ስንደርስ ነገሩ እየጠራ ይመጣል። የዱር ጀራኒየም አበባ ትንሽ ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አምስት የአበባ ቅጠል አለው። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ቀጫጭን ሐምራዊ መስመሮች ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳሉ። አምስቱም የአበባ ቅጠሎች እኩል ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዘንግ ጫፍ ሁለት አበባ ይወጣል። አንዱ ሲያብብ ሌላው ገና እምቡጥ ነው፤ ወይም ቀድሞ ፍሬ ይዟል። ጥንድ መሆኑን ልብ በሉት፤ ጥሩ ምልክት ነው።

የበረንዳው ጀራኒየም ሌላ ነው ያልኩት እዚህ ላይ ይታያል። እሱ ፔላርጎኒየም ነው። የአብዛኛዎቹ ዝርያዎቹ አገር ደቡባዊ አፍሪካ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም በአንድ ስም ጀራኒየም ብሎ መዝግቧቸው ነበር። ሌሪቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1789 እ.ኤ.አ. ለያቸው። ሰው ግን የድሮውን ስም ይዞ ቀረ፤ አበባ ሻጮችም እስከ ዛሬ ጀራኒየም ነው የሚሉት። ልዩነቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ነጠላ አበባ ያለውን የማሰሮውን ተክል ያዙ። የላይኛዎቹ ሁለት የአበባ ቅጠሎች ከታችኛዎቹ ሦስቱ ይለያሉ። ከአበባው ጀርባ ደግሞ ከዘንጉ ጋር የተጣበቀች ቀጭን የማር ቱቦ አለች። ዘንጉን አቋርጣችሁ ብታዩት ክፍተቷ ይታያል። የዱሩ ይህ የለውም። የማሰሮው ግንድ ወፍራምና ውኃ የያዘ ነው፤ ቅጠሉም ሲታሽ ይሸታል። ስለዚህ የማሰሮው አበባችሁ ዘር ወደ ሳሩ ወርዶ አረም የሆነ አይምሰላችሁ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ብሎ ደህናውን አበባ ሲያስወግድ ያሳዝነኛል።

ፍሬው ጋ ስንመጣ ግን የሚያምታታ ነገር የለም። አበባው ከረገፈ በኋላ መሃሉ ይረዝማል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሹል ነገር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጣና ዳር ቆመው ዓሣ የሚጠብቁት ወፎች መንቁር ነው የሚመስለው። ግርጌው ላይ አምስት ትንንሽ እብጠቶች አሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዘር አለ። ከአንድ አበባ ቢበዛ አምስት ዘር ማለት ነው። አንድ ደህና አድርጎ የተዘረጋ ተክል ግን ብዙ አበባ ስለሚያወጣ፣ አምስት አምስት እያለ የሚበትነው ቀላል አይደለም።

አበታተኑ ነው የሚገርመው። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ዝም ብሎ ይቆማል። ሲደርቅ ቡናማ፣ ከዚያም ጠቆር ያለ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ዘር እስከ ሹሉ ጫፍ ድረስ አንዲት ቀጭን ክር ተያይዛ አለች። ክሯ ስትደርቅ ትወጠራለች። ውጥረቱ ሲበዛ ከግርጌ ተላቃ በድንገት ወደ ላይ ትጠቀለልና ዘሩን ትወረውረዋለች። ዘሩ ከእናቱ ራቅ ብሎ፣ አንዳንዴ ሜትሮችን ተሻግሮ ይወድቃል። የቀረው ሹል ነገር ላይ አምስቱ ክሮች ወደ ላይ ተጠቅልለው ተንጠልጥለው ይታያሉ። ይህን ካያችሁ ሌላ ምስክር አያስፈልጋችሁም። ጀራኒየም ነው።

ልጆች ካሏችሁ አንድ ነገር አሳዩአቸው። ፍሬው ቡናማ መሆን ሲጀምር ጥቂት ዘንግ ቁረጡና የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑት። ካርቶኑን ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ቤቱ ጸጥ ሲል ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ዘሮቹ ካርቶኑን ሲመቱት ነው። ስትከፍቱት ዘሮቹ ጥግ ጥጉ ላይ ተበታትነው፣ ክሮቹ ተጠቅልለው ታገኟቸዋላችሁ። የኔ ልጅ ይህን ካየች ወዲህ አረሙን ከኔ ቀድማ ትለያለች።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጀራኒየም የሚባለው ወገን ከ400 በላይ ዝርያ አለው። ፎቶው በብዛት የሚገኘው የአውሮፓና የአሜሪካ ሳር ላይ የሚበቅለው ነው። ጀራኒየም ሞሌ ቅጠሉ ክብና ለስላሳ፣ ሽንሽኑ ብዙ ያልጠለቀ ነው። ጀራኒየም ዲሴክተም እስከ መሃል ድረስ ተቆራርጧል። ጀራኒየም ካሮሊኒያነም የሰሜን አሜሪካ ነው። የኛ ደጋና ወይና ደጋ የራሱ ዝርያዎች አሉት፤ አንዱ ጀራኒየም አረቢኩም ይባላል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ አበባ ሐምራዊ መስመር ያለው፣ ግንዱ ረዝሞ የሚዘረጋ ነው። ስለዚህ «ፎቶው ከኔ ጋር አንድ አይደለም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አምስት እኩል የአበባ ቅጠል፣ ጥንድ አበባ፣ መንቁር መሰል ፍሬ ካለ ወገኑ እሱ ነው። ለማረም ደግሞ ወገኑን ማወቅ ይበቃል።

ተክል የሚለዩ የስልክ አፖችም ይረዳሉ፤ ግን ቅጠል ብቻ አታሳዩአቸው። ቅጠል ብቻ ባሳየሁት ጊዜ አንዱ አፕ ዛሬ ድንብላል፣ ነገ ራናንኩለስ ይለኝ ነበር። አበባውንና ፍሬውን ለየብቻ፣ ቀረብ አድርጋችሁ፣ ከጀርባው ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ አንሱ። አጠገቡ ሳንቲም ብታስቀምጡ መጠኑ ይታወቃል። በሰው ማረጋገጥ የሚፈልግ ደግሞ ተክሉን ከነሥሩ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው ጋዜጣ መሃል ዘርግቶ ከባድ ነገር ይጫንበት። ጋዜጣውን በየጊዜው በደረቅ ይቀይር፤ አለበለዚያ ይሻግታል። የተነቀለበትን ቦታና ቀን ጽፎ ያያይዝበት። ባሕር ዳር ላለን ሰዎች የግብርና ትምህርት ያለበት የዘንዘልማ ካምፓስ ቅርብ ነው፤ ዕፅዋት የተማረ ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ፣ ብሔራዊው የዕፅዋት ክምችት አለ።

ከለያችሁት በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? ንቀሉት። በእጅ። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። እኔ የምነቅለው አበባውን እንዳየሁ ነው፤ ፍሬው ቡናማ ከመሆኑ በፊት። የኔ ግቢ ውስጥ ቡቃያው ሰኔና ሐምሌ ይበዛል። ነሐሴና መስከረም ያብባል። ጥቅምት ላይ ፍሬው ይደርቃል። ውኃ የሚጠጣ ግቢ ውስጥ ግን በበጋም ብቅ ይላልና ወሩን ሳይሆን ተክሉን ተከተሉ። ጥሩ ዝናብ ከዘነበ በማግስቱ አፈሩ ሲለሰልስ ከአንገቱ ስር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ቀይ አፈር ላይ በቀላሉ ይወጣል። ጥቁር አፈር ያላችሁ መኮትኮቻ አስገቡበት፤ ሲደርቅ ሥሩን አያስወጣም። ያረጀው ሥሩ ወፍሮ እንጨት ይሆናልና አንገቱ ላይ ከተበጠሰ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ፍሬ ሳይዝ የተነቀለውን ለበግ መስጠት ይቻላል፤ ወይም ብስባሽ ላይ መጣል ይቻላል። ፍሬ ከያዘ ግን ሁለቱም አይሆንም። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነው፤ ውኃ ቶሎ አያስገባም። ስለዚህ አፈር ውስጥ ዓመታት ይተኛል። የቤታችን ብስባሽ ደግሞ ዘር የሚገድል ሙቀት ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ፍሬ የያዘውን ነቅሎ እዚያው ሳሩ ላይ ክምር አድርጎ መተውም አይሆንም። እየደረቀ ሲሄድ መወርወሩን ይቀጥላል። ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ጨምራችሁ አፉን እሰሩት። ፍሬው ጠቁሮ ከደረሳችሁበት ደግሞ ነቀላውን ጠዋት ጤዛ ሳለ አድርጉት። እርጥብ ሲሆን ክሩ አይወጠርም፤ በእጃችሁ ላይ አይፈነዳም።

ስለ መርጫ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ግሊፎሴት የሚባለው የአረም መድኃኒት ሳሩንም አብሮ ይገድለዋል፤ የተረጨበት ቦታ ይመለጣል፤ መላጣ ቦታ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚበቅለው ይኸው አረም ነው። ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን ሌላ መድኃኒት ደግሞ ሳር አይነካም ብለው ይሸጡላችኋል። ሰፊ ቅጠል ያለውን ነው የሚገድለው፤ እውነት ነው። ግን ቲማቲማችሁም ቃሪያችሁም ሰፊ ቅጠል ነው። በነፋስ የሄደች ትንሽ ጠብታ ቲማቲም ቅጠሉን አጣምማ ታስቀረዋለች። የጎረቤት አጥርም አያግዳትም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ በሚነሳበት ከተማ፣ ቦዩ ሁሉ ወደ ጣና ወይ ወደ ዓባይ በሚወርድበት ከተማ፣ በእጅ ለሚነቀል አረም መርጨት አይገባም። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

ሳሩ ራሱ ትልቁ መከላከያ ነው። ሰርዶ ጥቅጥቅ ካለ ዘሩ ብርሃን አያገኝም። ብዙ ግቢ ውስጥ የማየው ሳሩን መሬት እስኪነካ ማጨድ ነው። ያን ጊዜ አፈሩ ይገለጣል፣ አረሙ ደስ ይለዋል። ምላጩን ከፍ አድርጉት። አረም የነቀላችሁበትን ክፍት ቦታ ደግሞ ዝም አትበሉት፤ ከዳር የሰርዶ ጉንጉን ቆርጣችሁ እዚያው ቅበሩበት። በክረምት ቶሎ ይይዛል። አትክልት መደብ ላይ ደግሞ ደረቅ ሣር ወይም የጤፍ ገለባ አልብሱት፤ አፈሩንም ደጋግማችሁ በጥልቀት አትገልብጡ፤ የተኛውን ዘር ወደ ላይ ታወጡታላችሁ።

አዲስ አፈር ወይም ፍግ በጋሪ ስታስመጡ ወዲያው አትበትኑት። ጥግ ላይ ከምራችሁ ውኃ አጠጡትና ምን እንደሚበቅል ጠብቁ። የበቀለውን አርማችሁ ከዚያ ተጠቀሙበት። ከችግኝ ጣቢያ የምትገዙትን ችግኝም አፈሩን እዩት። ያችን ኩላሊት መሰል ጥንድ ቅጠል ካያችሁ ከመትከላችሁ በፊት አንሷት።

አጥሬ ስር ያለውን ግን አልነካውም። እዚያ ሳርም አትክልትም የለም። አበባው ላይ ትንንሽ ንቦች ይውሉበታል፤ መሬቱንም ከጎርፍ ይይዘዋል። ወደ ሳሩ እንዳይወረውር ከሳሩ በኩል ያለውን ዘንግ ብቻ ፍሬው ሳይደርቅ በማጭድ እቆርጠዋለሁ።